የሰንሰለቱ ቁራጭ

«ጭንቅላት ማለት ይኼ ነው!» አሉ አያቷ፣ በግራሶ የጠቆረ እጃቸውን የልጁ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው። «ሰማሽ የአጎትሽ ልጅ ያለውን?»

ሰምታለች። የብስክሌት መጠገኛው ወለል ላይ ተንበርክካ የወደቀ ብሎን ስትፈልግ እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች። ሰማያዊዋ ብስክሌት ከፔዳሏ ጋር የሚዞሩ ሁለት ባለጥርስ ክቦች አሏት፤ ትልቁ ለሜዳ፣ ትንሹ ለዳገት፤ የኋላው ጎማ ደግሞ የራሱ ስድስት ማርሽ አለው። ሰንሰለቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገፋው የፊት ማርሽ መቀየሪያ ተሰብሮ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ ከባለፈው ክረምት መግቢያ ጀምሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ቆይታለች። ዛሬ የአጎቷ ልጅ «መቀየሪያውን ለምን አውልቀን አንጥለውም? ሁለቱ ጥርሶች ይቆዩ። ዳገት ሥር ስንደርስ ወርደን ሰንሰለቱን በእጅ ማዛወር ነው» አለ። አያቷም በደስታ ፈነደቁ።

ይህን እኮ ባለፈው ክረምት እሷ ብላዋለች። ቃል በቃል! ያኔ አያቷ ከንፈራቸው መሃል ሁለት ብሎን ይዘው ስለነበር «እህ» ብቻ አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ «ኢንጂነሩ» ሆነ። አባቱ ለሥራ ራቅ ብሎ ስለሄደ እነሱ ቤት ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነው። እሷ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የአያቷ «ቀኝ እጄ» ነበረች፤ «ቀኝ እጄ፣ ፒንሳ አቀብዪኝ»፣ «ቀኝ እጄ፣ ይህን ፍሬን እይልኝ»። አሁን ፍሬን የሚያየው ኢንጂነሩ ነው። ቀናች። ሌላ ስም የለውም፤ አንጀቷ እስኪያር ቀናች። ሲያፏጭ እንኳ መስማት አስጠላት። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ፤ ይኸው እሱን አድምቆታል።

«የቅዳሜውን ውድድር እሱ ይንዳት» አሉ አያቷ ከቀናት በኋላ። «ሐሳቡ የሱ ነው። አንቺ አዲሱን ሰንሰለት ለክተሽ ቁረጪላት።»

ከትምህርት ቤቱ በር ተነስቶ ዳገቱ ጫፍ ያለው የውሃ ታንከር ጋ የሚያልቀውን ያን ውድድር እሷ ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች። «እሺ» አለች ጥርሷን ነክሳ። ሰንሰለቱን ትንሹ ጥርስ ላይ አዙራ ለካች፤ ትርፉን ቆረጠች፤ ከጣቷ የማይረዝመውን ቁራጭ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

የቤቱ ሕግ ነው። ሰንሰለት የቆረጠ ሰው ቁራጩን በኪሱ ይይዛል። ብስክሌቷ ከበር ከመውጣቷ በፊት አያቷ ቆራጩን ዓይን ዓይኑን እያዩ «ትሂድ?» ይላሉ። ቆራጩ «ትሂድ» ካላለ አትወጣም። ቁራጩ የሚጣለው በሰላም ከተመለሰች በኋላ ነው። ደንበኞች ይስቃሉ፤ አያቷ ግን ስቀው አያውቁም።

ዓርብ ከሰዓት ልጁ ከበሩ ሳይወጣ ሰፊው ግቢ ውስጥ ሲለማመድ ቆይቶ ላቡን እየጠረገ ገባ።

«አሪፍ ናት! ሜዳ ላይ ትበራለች!»

«ዳገቱ ሥር ወርደህ ሰንሰለቱን ማዛወርህን እንዳትረሳ» አለችው።

«እኔ ነኝ የምወርደው? ያ ሁሉ ሰው እያየኝ? ፋራ አደረግሽኝ እንዴ! ትልቁ ላይ እንዳለሁ የኋላውን ማርሽ እስከ መጨረሻው አቀልለዋለሁ፣ አለቀ።»

ሊታጠብ ሲሄድ ብስክሌቷን ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለቻት። ሰንሰለቱ ትልቁ ጥርስ ላይ እንዳለ ፔዳሉን እያዞረች የኋላውን ማርሽ አንድ በአንድ አቀለለች። አምስተኛው ላይ ሰንሰለቱ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጠረ። ስድስተኛው ላይ ፔዳሉ ቀጥ አለ፤ የኋላው መቀየሪያ ተንጋዶ ወደ ጎማው ሽቦዎች ተጎተተ።

አጠረ። ሰንሰለት የሚለካው በትልቁ ጥርስ ነው፤ አያቷ መጀመሪያ ያስተማሯት ይህንኑ ነበር። ያን ቀን በንዴት ስትቆርጥ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ልጁ ዳገቱ ላይ ያለውን ካደረገ መቀየሪያው ሽቦዎቹ ውስጥ ይገባል፣ ጎማው ይቆለፋል፣ እሱም ከነኢንጂነርነቱ አስፋልቱ ላይ ይዘረጋል።

ማርሹን ወደ ቦታው መለሰች። «ይበለው» አለች በልቧ። ውረድ ብዬዋለሁ፤ ካልሰማ ጥፋቱ የራሱ ነው። አያቷ ከወደቀችው ብስክሌት ቀና ብለው «ቀኝ እጄ» ሲሏት ታያት። ራት እስክትበላ ድረስ ሐሳቡ ጣፈጣት። ሲነጋ ግን አፏ መረራት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጁ የውድድር ቁጥሩን ጀርባው ላይ ለጥፎ በሩ ጋ ቆመ። የሄልሜቱን ማሰሪያ ይታገላል።

«እስቲ እሰሪልኝ፣ እጄ እምቢ አለኝ።»

አገጩ ሥር አሰረችለት። አንገቱ ላይ የደም ሥሩ ይዘላል። ፈርቷል ማለት ነው። ይህ የሚያፏጭ ልጅ እንደሚፈራ አስባው አታውቅም ነበር።

አያቷ መጡ። ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«ትሂድ?»

ኪሷ ውስጥ ያለውን ቁራጭ ጨበጠችው። አንድ ቃል ነው፤ ስንቴ ብላዋለች።

«አትሂድ» አለች።

ልጁ ፔዳሉ ላይ ያነሳውን እግሩን መለሰ።

«ትንሹ ጥርስ ላይ ነው የለካሁት። ትልቁ ላይ ሆኖ የኋላውን ካቀለለ ይቆልፋል። ትናንት አይቼዋለሁ።»

«ትናንት?» አለ ልጁ። ፊቱ ዓመድ መሰለ። «ትናንት አይተሽ ዝም አልሽ?»

«አዎ።» ጉንጯ በኀፍረት ነደደ። አፏ ግን አንዴ ተከፍቷል። «ሐሳቡም የኔ ነበር፣ አባባ። ባለፈው ክረምት ነግሬዎታለሁ። አፍዎ ውስጥ ብሎን ነበር።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለ ልጁ፤ ሊስቅ ፈልጎ ድምፁ ከዳው።

አያቷ ከንፈራቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ ብሎኑ አሁንም እዚያ ያለ ይመስል። «ብለሽኝ ነበር እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። የግድግዳውን ሰዓት አይተው ደግሞ «ስንት ደቂቃ ይፈጅብሻል?»

«አሥር።»

«ሃያ አለን።»

«ቀኝ እጄ» እስኪሏት ጠበቀች። አላሏትም። ተንበረከከችና ቁራጩን ከኪሷ አወጣች። ልጁም ሳይጠሩት ቁጥሩን እንደለጠፈ ጎኗ ተቀመጠና ጎማውን ያዘላት። ሰንሰለቱን ፈታች፣ ቁራጩን መልሳ ቀጠለች፣ በትልቁ ጥርስ ለካች። ስድስተኛው ላይ ፔዳሉ ሳይንገጫገጭ ዞረ።

አሁንም ትቀናበታለች። ዛሬ እሱ ይነዳታል፣ እሷ ቆማ ታያለች።

«ግን ውረድ» አለችው፣ ፊቱን ሳታይ። «ትልቁ ላይ ሆነህ ያን ዳገት አትወጣውም፣ ጉልበትህ ያልቃል። ሰንሰለቱን ከላይ አትያዘው። ከሥር፣ በዚህ ጣትህ ወደ ውስጥ ግፋውና ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙር። አየህ? ራሱ ይወድቃል።» ክረምቱን ሙሉ ብቻዋን ስትሞክር ያገኘችው ዘዴ ነው፤ ለማንም አሳይታ አታውቅም።

ልጁ ሞከረው። በሁለተኛው ሰንሰለቱ ጠብ አለ። ጣቱ ጠቆረ።

«ትሂድ?» አሉ አያቷ እንደገና።

ሰንሰለቱን ወደ ትልቁ መልሳ ፔዳሉን አንዴ አዞረችው፤ አዳመጠችው።

«ትሂድ።»

ብስክሌቷ ከበሩ ወጥታ ከመንገዱ ስትታጠፍ ከግድግዳው ላይ ንጹሕ ጨርቅ መዘዘች። ሽርጧን ሳታወልቅ በአቋራጩ ወደ ዳገቱ ሥር ሮጠች። ከወረደ፣ እጁን የሚጠርግበት ያስፈልገዋል።