ነብሮን የሚያበላው ማን ነው?

እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ሳህን ሰብስቤ ወደ ጓዳ የምገባ ሴት ነበርኩ፣ የሞተ ሰው ጠራኝ፣ ጥላ አየሁ የሚሉኝን ሁሉ እንቅልፍ አጥተው ነው እያልኩ በሆዴ እታዘባቸው ነበር፣ ባለቤቴ አስፋው ደግሞ ከእኔ ይብስ ነበር፣ «ሙት መመለስ ቢችል እናቴ ስለ ወጡ ጨው ልትነግርሽ በየቀኑ ትመጣ ነበር» እያለ ይስቅብኛል። ስለዚህ እመኑኝ፣ ይህን የምጽፈው ላስደንቃችሁ ብዬ አይደለም፣ ለብቻዬ መያዝ ስላልቻልኩ ነው። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብዬ በተውኩት፣ ግን ፀሐይ ነበር፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ዓይኔም እጄም ሥራ ላይ ነበሩ።

ነብሮ ውሻችን ነው። አስፋው መምህር ሳለ ሐይቁ ዳር ሲንሸራሸር፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሊቀራመቱት የከበቡትን ቡችላ በኮቱ ጠቅልሎ አመጣው፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይለያዩም። ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው፣ ከሰዓት በኋላ አብረው ይወጣሉ፣ ሲመለሱ አስፋው በር ላይ ቁጢጥ ብሎ በዓሣ መረቅ የራሰ ዳቦ በእጁ ያጎርሰዋል፣ እኔ «አሁን ይሄ ውሻ ነው ወይስ አማች?» እላለሁ። ከሌላ ሰው እጅ አይበላም ነበር ብል ማጋነን ይሆናል፣ ከእኔም ይበላል፣ ግን ፊቱን እያዞረ።

አስፋው ሳይታመም፣ ከቤት እንደወጣ ሞተ። በማግሥቱ ግቢያችን ድንኳን ተተከለ፣ የዕድሩ ሰዎች ወንበር ሲያወርዱ ነብሮ ይጮህባቸው ጀመር፣ ለቀስተኛ ሊነክስ ነው ተባለና ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ማርታ ወስዳ ጓሮዋ አሰረችው። እንደዚያ ነው የሚደረገው፣ ማንም ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር። ሲመለስ ድንኳኑ ተነቅሏል፣ አስፋው ተቀብሯል፣ ልብሱም እንደ ወጉ ለድሆች ተሰጥቶ አልቋል። ነብሮ ቤቱን ክፍል በክፍል አሸተተ፣ አልጋ ሥር ገባ፣ ወጣ፣ ከዚያ ወጥቶ የግቢው በር ሥር ተኛ። ለእሱ አስፋው ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ነው።

መብላት ተወ። ጠጉሩ እፍኝ እፍኝ ይረግፍ ጀመር። አንድ ቀን ጭንቅላቱን ልዳብሰው ስጠጋ እጄን ነከሰኝ፣ ያ ውሻ በዕድሜው ሰው ነክሶ አያውቅም! ደንግጬ የእንስሳት ሐኪሟን አስጠራሁ፣ ወጣት ናት፣ ንግግሯ ቀጥ ያለ ነው። አፉን ከፍታ አየችና «ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አሞት ነው» አለችኝ። «ጥርሱ ሥር መግል ይዟል። የታመመ ውሻ ሲነኩት ይነክሳል፣ ሌላ በምን ይናገር?»

ጥርሱን ነቀለችለት፣ መድኃኒት ወጋችው፣ ቁስሉም ዳነ፣ እሱ ግን ከወደቀበት አልተነሳም። እንደገና መጥታ ስታየው ቆየች።

«እርስዎስ ይበላሉ?» አለችኝ።

«እኔን ተይኝ፣ ዶክተርዬ፣ እሱን እይልኝ።»

«እሱን እያየሁ ነው የምጠይቅዎት። ውሻ የቤቱን ሰው ይመስላል። ሥጋውን አክሜዋለሁ፣ የቀረው ሐዘን ነው፣ ለእሱ መርፌ የለኝም። እስከ ነገ አንድ ነገር ካልቀመሰ ግን ሥቃዩን ማሳጠር ይሻላል፣ ያስቡበት።»

ማሳጠር ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ከአስፋው በኋላ በዚህ ቤት የሚተነፍስ የእሱ ነገር ነብሮ ብቻ ነበር፣ ልጅ አልወለድንም። ማርታ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ ሁሉን ሰምታ ኖሮ፣ «እትዬ አልማዝ፣ መቃብሩን ያሳዩት፣ አሽትቶ ቁርጡን ይወቅ» አለችኝ።

«ማርታ፣ አንቺ ልጅ፣ ውሻ እንዴት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይገባል? ልታስወግሪኝ ነው?»

«ይኸው እንግዲህ! ጋሽ አስፋውን ለእኛ ለጴንጤዎቹ ቢሰጡን ኖሮ፣ የእኛ መቃብር ውሻ አይከለክልም።»

ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ድምፁስ የለዎትም? ስልክ ላይ?» አለች።

ነበረኝ። ገበያ ሆኖ የላከው አንድ የድምፅ መልእክት ነበር፣ እስከዚያን ቀን ከፍቼ ልሰማው አቅም አጥቼ ነበር።

በርጩማ ይዤ ነብሮ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዳቦውን መረቅ ውስጥ ነክሬ ሳህኑን አፉ ሥር አደረግኩለት፣ ስልኩን ከፈትኩ። «አልሚ፣ ዳቦ ይዣለሁ፣ ወተት አለ ወይስ ልያዝ?» ይህችው ናት። ነብሮ ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ደገምኩት፣ ምንም። ሞኝነቴ አሳፈረኝና ስልኩን ዘግቼ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ያኔ ነው ነብሮ ቀና ያለው።

ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ በሩ። በሩ እንደተዘጋ ነው፣ መቀርቀሪያውን ራሴ ነበርኩ ያስገባሁት። መነሳት አቅቶት የነበረው ውሻ በአራት እግሩ ቆመ፣ ጅራቱ መወዛወዝ ጀመረ፣ ለቅሶ የሚመስል ቀጭን ድምፅ አወጣ። አይጥ ይሆናል፣ መንገደኛ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተጣበቁ፣ ውሻ ራሱ ሲያጣብቃቸው አውቃለሁ፣ እንደዚያ አይደለም፣ እጅ ሲጫናቸው እንደሚተኙት ነው የተኙት። የጀርባው ጠጉር ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ወገቡ ቀስ እያለ ጋደመ፣ ተመልሶ ተነሳ፣ ደግሞ ጋደመ። ነፋስ አልነበረም፣ የማርታ የተሰጣ ልብስ እንኳ አይነቃነቅም። የፊት እግሩን አነሳ፣ እግሩ አየር ላይ እንዳለ ወደ ላይና ወደ ታች ተወዘወዘ፣ ሰው ሲጨብጠው እንደሚሆነው። ቀጥሎ አፉን ከፈተ፣ አላመጠ፣ ጉሮሮው ሲወርድ አየሁት። ሳህኑን አየሁ፣ እንደሞላ ነው።

«አስፋው!» አልኩ።

ነብሮ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ዓይኑን አንሥቶ የሰው ፊት በሚሆንበት ከፍታ ላይ አየ፣ ከዚያ እንደገና እኔን። ምንም አልመጣም። እኔን የነካኝ ምንም አልነበረም።

ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ፣ ማርታ ናት ከአጥሩ ላይ ያነቃችኝ። «ተሳካ አይደል? ከስልኩ ሲጠራው እኮ ሰማሁ!»

«ምን ብሎ?»

«‹ነብሮ፣ ና አባቴ› ብሎ ነዋ፣ እንደ ልማዱ።»

ስልኩን አውጥቼ መልእክቱን አሰማኋት። ዳቦ፣ ወተት፣ አለቀ። እንደገና አሰማኋት። ፊቷ ነጣ፣ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ከአጥሩ ወረደች፣ ለካ እሷ የሰማችውን እኔ አልሰማሁም፣ ጥሪው ለውሻው ነበር፣ ለጎረቤት እንኳ ደርሷል፣ ለሚስቱ ግን አልደረሰም። እውነቴን ነው፣ ከሁሉም ያስደነገጠኝ ይኸው ነው።

ሐኪሟ በማግሥቱ ቦርሳዋን ይዛ ስትመጣ ነብሮ ጅራቱን አቁሞ በር ላይ ተቀበላት። ድዱን አየች፣ ሆዱን ዳበሰች፣ ተገረመች። «አላልኩዎትም? ልቡ ሲረጋጋ ሥጋው ይከተላል» አለችኝ። እኔም አዎ አልኳት፣ ሌላ ምን እላለሁ?

አሁን ጠጉሩ ተመልሷል፣ አይናከስም፣ ወፍሯል። ሐኪሟ ባለፈው ስትመዝነው ሳቀችና «ምን እያበሉት ነው? ከእሱ ለራስዎም ይብሉ እንጂ!» አለችኝ። በየቀኑ የማስቀምጥለትን ዳቦ ጉንዳን ነው የሚበላው። ከዚያን ቀን ወዲህ ነብሮ እኔ ያቀረብኩለትን አንዲት ቁራሽ አልቀመሰም።

ትናንት እንደተለመደው የሞላውን ሳህን ላነሳ ጎንበስ ስል ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ከጎኑ ወዳለው ባዶ ቦታ ዞረ፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ልጅ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ነው እጄን የላሰኝ።