የኋላ አግዳሚ ቃል

«ኤዲያ!»

ድምፁ የመጣው ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ግዛቸው ገና በሩ ጋ ሳይደርስ ቃሉን አወቀው። የራሱ ቃል ነበር።

አባቱ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዋሳ ተዛውረው ሲመጡ፣ ግዛቸው የመጀመሪያውን ወር የሚያናግረው ሰው አጥቶ፣ በዕረፍት ሰዓት ብቻውን ዋርካው ሥር እየተቀመጠ የልጆቹን ኳስ ያይ ነበር። አንድ ቀን የክፍሉ ልጅ ባዬ ጎል አግብቶ ሲፎክር፣ ሳያስበው «ኤዲያ!» አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲያ የቅጽል ስሙም «ኤዲያ» ሆነ፤ ባዬና ጓደኞቹ ከሚቀመጡበት ከኋላ አግዳሚም ቦታ ተለቀቀለት።

ትርጉሙን የጠየቀችው አስካለ ብቻ ናት። ቤቷ የሚነገረው ሲዳምኛ ነው፤ የማታውቀውን አማርኛ ሳታፍር ትጠይቃለች።

«መቼ ነው የሚባለው?»

«አንድ ነገር ሳይደንቅሽ ሲቀር። ይኼም ነገር ሆኖ፣ እንደ ማለት።»

«አንተን የሚደንቅህ ነገር የለም?»

ሳቅ አለ።

ዛሬ ለኪነት ቡድኑ ዘፋኝ ይመረጣል። እንደ ልማዱ ተወዳዳሪው ካቀረበ በኋላ ተማሪው ሂስ ይሰጣል፤ ከዚያ እጅ ይቆጠራል። ያለፉትን ሁለት ልጆች የኋላ አግዳሚ በ«ኤዲያ» ሸኝቷቸዋል። ግዛቸው ገብቶ በባዬና በጓደኛው በሙሴ መሀል ተቀመጠ።

አስካለ ወደ መድረኩ ወጣች። ከበሮ የለ፣ ክራር የለ። በሲዳምኛ ጀመረች። ግዛቸው ቃሉ ባይገባውም፣ ደብረ ማርቆስ ቆልፈውት የመጡት የቤታቸው በር ፊቱ ላይ ድቅን አለ። 

ስትጨርስ ምርጫውን የሚመሩት መምህር ደምሴ «እሺ፣ ሂስ ያለው?» አሉ።

ባዬ በክርኑ ጎሸም አደረገው። «በላ፣ ኤዲያ! ጀምርላት እንጂ። እጅ የሚያወጣላት እንዳይኖር!»

«እኔ…»

«ምነው? ደነቀችህ እንዴ?»

አስካለ ቀሚሷን ጨብጣ ወደ ኋላ አግዳሚ ታያለች። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ያስተማራት እሱ ነው።

ግዛቸው ደብተሩን አነሳ። የሙሴን ጉልበት ተሻግሮ ወጣ።

«የት ነው?» አለ ባዬ። «አንተ! ቦታህን ሰው ይይዝብሃል!»

ግዛቸው ማንም ወዳልተቀመጠበት የፊት ወንበር፣ በመተላለፊያው ብቻውን ወረደ።