አፉም ጆሮውም

የውጭ አገሩ ምሁር ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን የተመታበት ከባድ የወረቀት መጫኛ ብረት ምንጣፉ ላይ ወድቋል። ስድስት ዓመት የዚህን አገር ፖለቲካና ኑሮ ሲያጠና ከርሞ፣ መጽሐፉን ሊጨርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው ይህ የደረሰበት።

ባልደረቦቿ «እመት ለምን» የሚሏት መርማሪ አርፋ መቆም አልሆነላትም። ክፍሉን ዞራ ሳትጨርስ አለቃዋ ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ።

«መጨረሻ የወጣችው እሷ መሆኗን የሟቹ ጸሐፊ ራሷ አምናለች። ብረቱም ከእሷ ጠረጴዛ የተነሳ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ካላሰርሻት እኔው መጥቼ አስራታለሁ!»

«ጌታዬ፣ ብረቱን ማንም ሊያነሳው ይችላል። ላም ባልዋለበት ኩበት አንልቀም።»

ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተዘጋ። ጸሐፊዋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። የታመመች እናቷን የምታስታምመው ብቻዋን ነው፤ ዛሬ ከታሰረች ለእናቷ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው የለም። እመት ለምን አዘነችላት፤ ሐዘኔታ ግን መዝገብ ላይ አይጻፍም።

መጀመሪያ የጠየቀችው የምሁሩን ቤት አከራይ ነው። አሮጊቷ የታጠፈች ወረቀት ይዘዋል።

«ትናንት እህቴ ዘንድ ውዬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ፣ በሩ ላይ ይቺ ተለጥፋ አገኘሁ።»

«ሥራ ላይ ነኝ። እስከ ነገ አታንኳኩ» ይላል፤ በእርሳስ፣ በተንጋደዱ ፊደሎች።

«ቋንቋችንን ያውቅ ነበር እንዴ፣ እትዬ?»

«ኧረ ወዲያ! ውሃ እንኳ የሚጠይቀኝ በአስተርጓሚው ነው። ወረቀቷን ሳይ ግን፣ እሰይ፣ መማር ጀመረ ብዬ ደስ አለኝ። ምነው አንኳኩቼ በነበር!»

አስተርጓሚው ልብሱ ንጹሕ፣ አንደበቱ ጣፋጭ ሰው ነው። ትናንት ከቀትር በፊት ወጥቼ አልተመለስኩም አለ።

«ቋንቋችንን ይሰማ ነበር?»

«አንዲት ቃል አይሰማም! ስድስት ዓመት አፉም ጆሮውም እኔ ነበርኩ።»

«ለምን አልተማረም?»

«እኔ እያለሁ ምን ሊያደርግለት?»

እመት ለምን ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ሁለት የጽሕፈት መኪናዎች አሉ፤ አንዱ በምሁሩ አገር ፊደል፣ ሌላው በዚህ አገር ፊደል። በዚህ አገር ፊደል ከሚጽፈው ፊት ያለው ወንበር ሩቅ ወደ ኋላ ተስቧል። ጸሐፊዋ ደግሞ አጭር ናት፤ እዚያ ብትቀመጥ እጇ አይደርስም። መሳቢያውን ሳበችና የተመታው ጽሑፍ የቀረበት ያገለገለ የካርቦን ወረቀት አገኘች።

«ልጄ፣ እዚህ የሚቀመጠው ማን ነው?»

ጸሐፊዋ እንባዋ ቀደማት። «ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር» ብላ ተንሾካሾከች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ሦስቱም ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ወረቀቷን ከፍ አደረገች።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«ራሱ ነዋ!» አለ አስተርጓሚው ፈጥኖ። «የጀማሪ እጅ መሆኑ ያስታውቃል።»

«ጠዋት አንዲት ቃል አይሰማም አላሉኝም?»

«እንግዲህ... ደብቆ ተምሮ ይሆናላ።»

«ተምሯል። ንገሪያቸው፣ ልጄ።»

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ በመኪና ብቻ» አለች ጸሐፊዋ። «ፊደሉን እየፈለገ ይመታል እንጂ በእጁ አንዲት ፊደል ጽፎ አያውቅም።»

«አከራይዋ ምንም አያውቅም ብለው የሚያምኑ ናቸው፤ በማያውቀው ቋንቋ አይጽፉለትም። ይቺ ልጅ ብትሆን በመኪና ትመታው ነበር። በእጅ የጻፈው፣ ቋንቋውን ማወቁን ትናንት ከሰዓት በኋላ ከራሱ አፍ የሰማ፣ እንዴት እንደሚጽፍ ግን ያላየ ሰው ነው።»

ካርቦኑን ወደ መስኮቱ ዘረጋችው። «ገጾቹ ተወስደዋል፤ ይህ ተረስቷል። ምሁሩ ዘንድሮ በገዛ ጆሮው የሰማውን ከእርስዎ ትርጉም ጎን ለጎን ጽፎታል። አንድ ጡረተኛ መምህር ስለ ባለሥልጣናቱ ሲጠየቁ ‹እንፈራቸዋለን› አሉ። እርስዎ ‹እናከብራቸዋለን› ብለው ተረጎሙ። ሌሎቹንም እንዲሁ። መጽሐፉ በሙሉ የቆመው በእርስዎ ትርጉም ላይ ነበር። ለምን?»

አስተርጓሚው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«መምህሩ ወንድሜ ነው» አለ። «ስሙንም መንደሩንም ጽፎታል። ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹እውነት ነው፣ ይታተማል› ብሎኝ ወደ ሥራው ዞረ። ስድስት ዓመት የሰውን ገመና ሸፍኜ... ብረቱ እጄ ላይ ነበር።» ቀና ብሎ አያት። «አምኜ ከፈረምኩልዎ፣ ያ ካርቦን መዝገቡ ውስጥ መግባት አለበት?»

እመት ለምን ወረቀትና ብዕር አቀበለችው። ጽፎ ፈረመ፤ አከራይዋና ጸሐፊዋም በምስክርነት ፈረሙ።

«ሂጂ ልጄ፣ እናትሽ ይጠብቁሻል» አለቻት። ልጅቷ እየሮጠች ወረደች።

ልክ በስድስት ሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«አሰርሻት?»

«ገዳዩ አስተርጓሚው ነው፣ ጌታዬ። አምኖ ፈርሟል። በትርጉም ተጣልተው ነው።»

«እንዲያ ነው! ለመሆኑ ሰውዬው ምን ሲጽፍ ኖሯል? ሕዝቡ ስለ እኛ ምን ይላል?»

አስተርጓሚው ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። ካርቦኑን መዳፏ ውስጥ ጨመደደችው፤ ጣቶቿ ጠቆሩ።

«ያከብሩናል ይላሉ፣ ጌታዬ» አለች።