ለአባዬ የሚሰፋው ባለ መስመር ሸሚዝ

«ኪስ ይኑረው ወይስ ይቅር? ተናገሪ እንጂ፣ አፍሽ ተሰፋ እንዴ?» አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ መቀሱን እንደያዙ።

«ይኑረው፤ እስክሪብቶ ሳይዝ አይወጣም» አለች ልጅቷ። «የኮሌታው ጫፍና ጫፍም በቁልፍ ይያዝ። አባዬ የሚንከረፈፍ ኮሌታ አይወድም።»

ጨርቁን የመረጠችው ራሷ ናት። ወፍራሙ መስመር ፒጃማ መሰላት፣ ቀዩ የዘፋኝ መሰላት፤ በመጨረሻ ነጭ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ያለውን፣ ኦክስፎርድ የሚሉትን የሸሚዝ ጨርቅ አነሳች። ከጥቅሉ የተረፈው ለአንድ ሸሚዝ ብቻ የሚበቃ ነበር። አባቷ ከረጅም ሕመም በኋላ ሰኞ ሥራ ይመለሳል፤ ይህን ለብሶ እንዲገባ ነው ሐሳቧ። ለልክ ያመጣችው ግን ሳይታመም በፊት ይለብሰው የነበረውን ሸሚዝ ነው።

ልብስ ሰፊዋ አሮጌውን ሸሚዝ ጨርቁ ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በጠመኔ አሰመሩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ሰው ታሞ ሲነሣ ይከሳል። አባትሽ አሁንም ይህን ያህላል?»

«አዎ፣ እትዬ። እንደ ድሮው ነው።»

ዋሸች፤ ምን ይደበቃል።

«እንግዲህ ባለ መስመር ነው። ኋላ አጥብቢልኝ ብትይኝ ጎኑ ላይ መስመሩ ይጣመማል፤ ሰውዬው ዘሞ የቆመ ነው የሚመስለው። ከቆረጥኩ ቆረጥኩ።»

ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ውይ፣ እንዴት ከሳህ» ሲለው አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሜትር ይዛ ብትቀርበው እሷም ከእነሱ አንዷ ልትሆን ነው። ባትለካው ደግሞ ሰኞ ጠዋት አንገቱ ኮሌታው ውስጥ ሙቀጫ ውስጥ እንደቆመ ዘነዘና ይሆንና የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ሙድ ይይዝበታል።

መቀሱ አፉን ከፈተ።

«አይቁረጡት፣ እትዬ። ዋሽቼዎት ነው። በጣም ከስቷል።»

አልተቆጡም ማለት ሌላ ውሸት ነው። «ታዲያ እኔን በከንቱ የምታለፊኝ ምን አድርጌሽ ነው?» ብለው ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው ወረወሩላት። «ለክተሽ ነይ። አንገት፣ ትከሻ፣ ደረት፣ እጅጌ። በግምት ብታመጪ ግን ተጣላን።»

ቤት ስትደርስ አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል።

«አባዬ፣ ሸሚዝ ላሰፋልህ ነው። ተነሥ እስቲ።»

ሜትሩን አየና ብሩሹን አስቀመጠ። «አሮጌውን ለልክ አትወስጂላቸውም ነበር?»

«ወስጄው ነበር። አሁን ይተልቅሃል።»

ግድግዳውን አየ። ፊቱን ሊያዞር ነው ብላ አሰበች። እሱ ግን ቀስ ብሎ ተነሣና እጆቹን ዘረጋ። ሜትሩን ደረቱ ላይ ስታዞረው ጫፉ ከፈራችው በላይ ፈጥኖ ዞሮ መጣ።

«ስንት ይላል?» አለ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

ትንሽ ጨምራ ልትነግረው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሜትሩን ሳታላላ፣ ቁጥሩን እንዳለ ጮክ ብላ አነበበችለት።