ከሽፍታ የተለመነ ቆሎ

ከሞጣ ሲወጡ ዝናቡ ገና መጀመሩ ነበር። የኬላው ሚሊሺያ የይለፍ ወረቀታቸውን ከካፖርቱ ሥር ሸሸግ አድርጎ አነበበና ህንዳዊውን ከእግሩ እስከ ራሱ ተመለከተው። «በዚህ ክረምት፣ በቆላው በኩል፣ ወደ ቢቸና?» ብሎ ወረቀቱን መለሰለት። ከዚያ በላይ አልጠየቀም፤ እብድ እንዳያልፍ የሚል መመሪያ አልደረሰውም።

ህንዳዊው ኩርያኮስ ይባላል። በህንድ ባሕር ዳርቻ ያለችው የኬረላ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነው። አባቱ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ሲያስተምሩ እዚያ ስላደገ አማርኛው የጎጃም ልጅ አማርኛ ነበር። የሞጣ ሰዎችም ስሙን ወደሚያውቁት አዙረው ቂርቆስ አሉት። በ1977 ቤተ ክርስቲያኑ ለአንድ ክረምት አገልግሎት ስትልከው፣ በምእመናን ፊት ቆሞ «የምሄደው ልሰጥ እንጂ ልቀበል አይደለም» ብሎ ተናግሮ ነበር። አጨበጨቡለት። ጭብጨባው ሞጣ ድረስ ከጆሮው አልወጣም።

አሁን በበቅሎ ጭኖ የሚወስደው አንድ የቆርቆሮ ሣጥን መድኃኒት ነው። ከቢቸና ወረድ ብሎ ባለ አንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ገብቶ ተማሪውን እየጣለው ነበር። የተቀበሩም አሉ። መምህሩ የኔታ ሣህለ ማርያምም ተኝተዋል። ከተማሪዎቹ ትልቁ፣ ደምለው የሚባል ጢማም ሰው፣ መድኃኒት ፍለጋ በእግሩ ሞጣ መጥቶ ኩርያኮስን አገኘው። በመኪናው መንገድ ያለውን ድልድይ እርሱ ካለፈ በኋላ ጎርፍ ወስዶታል። ወንዙን ወደ ታች ወርዶ የሚያሻግር መልካ የሚያውቀው የሞጣው ነጋዴ ሳሊህ ነበርና በቅሎውን ይዞ ሊመራቸው ተስማማ።

የመጀመሪያው ቀን ጭቃና በረዶ ሆነ። በረዶው ፊታቸውን እየገረፈ፣ በቅሎዋ እየተንሸራተተች፣ ማምሻውን አንዲት መንደር ደረሱ። ደምለው አኮፋዳውን በትከሻው አንግቦ፣ ውሾቹን በበትሩ እየመከተ፣ አንድ ደጅ ላይ ቆመና ተማሪ ሁሉ የሚለውን አለ፤ «በእንተ ስማ ለማርያም!» ስለ ስሟ፣ ስለ ማርያም ማለት ነው። የቅኔ ተማሪ የሚኖረው በዚህ ቃል ነው። ጊዜውም ፍልሰታ፣ የእመቤታችን ጾም ነበርና ወለተ ሐና የሚባሉት የቤቱ እመቤት ሽምብራ ቆሎ በሰፌድ ይዘው ሳይዘገዩ ወጡ። ለደምለው ሰጡ፣ ለሳሊህ ሰጡ። ኩርያኮስ ጋ ሲደርሱ እጁን ወደ ኋላው ሰበሰበ። እርሱ ለመርዳት እንጂ የድሃ ጉሮሮ ለመሻማት እንዳልመጣ በትሕትና አስረዳቸው።

«ከእኔ ቤት ምን ነውር አየህ፣ ልጄ?» አሉት ወለተ ሐና። ይህን ብለው ሰፌዳቸውን ይዘው ገቡ። በዚያ ቤት ሊያድሩ የነበሩት ሦስቱ መንገደኞች በረት ውስጥ አደሩ።

ሳሊህ ነጠላውን እየጨመቀ፣ «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ የእኛው ደግሞ የተነጠፈለትን እምቢ አለ» ብሎ ተረተበት። ደምለው ግን አልሳቀም። የሚለምን ሰው ለሰጪው በረከት ይዞለት እንደሚመጣ፣ እርሱ ግን ሴትዮዋን ያለ በረከት እንደመለሳቸው ለኩርያኮስ ነገረው። ኩርያኮስ በልቡ ይህ የኋላ ቀር ልማድ ነው አለና ከያዘው ስንቅ ቀማምሶ ተኛ።

በማግስቱ ወንዙ ጠበቃቸው። ሱሃ ቀይ ሆኖ ሞልቶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ሳሊህ መልካውን ፈልጎ አጣው፤ ደምለው ዳዊቱን ማነብነብ ጀመረ። ኩርያኮስ ብቻ ፊቱ በራ። ውሃ አገር የተወለደ ልጅ ነዋ! የጭነቱን ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ዘለለ፣ ጎርፉ ሲስበው ሳይታገለው አግድም ቀዘፈ፣ ማዶ ወጥቶ ገመዱን ከሾላ ግንድ ጋር አሰረው። ሣጥኑን በገመዱ ጎትተው አሻገሩት። ሁለቱ ሰዎችም ገመዱን ጨብጠው ተሻገሩ። በቅሎዋ ግን መሃል ላይ ተንበርክካ ስትነሣ ስንቁም፣ የኩርያኮስ ሻንጣም፣ ከሻንጣው ጋር ያሰረው ጫማውም ወደ ዓባይ ጉዞ ጀምረው ነበር። ሣጥኑ እስከዳነ ድረስ ግድ የለም ብሎ ሳቀ። በእውነትም ኮርቶ ነበር፤ ኩራቱም ያን ቀን ይገባዋል።

ሊመሽ ሲል ከገደል ሥር አንዲት ዋሻ አገኙ። በቅሎዋን ደጅ አስረው፣ ደረቅ ቅጠል ሰብስበው እሳት ሲያነዱ ጅቦች ከቁጥቋጦው ወጡ። ደምለው የተቀጣጠለ ጭራሮ ይዞ ሮጠባቸው፣ ኩርያኮስ ድንጋይ አዘነበባቸው። ጅቦቹ አፈገፈጉ፤ በቅሎዋ ግን በድንጋጤ ገመዷን በጥሳ ወደ ሸለቆው ጋለበች። ጥቂት ቆይቶ ጩኸቷ ተሰማ፤ ከዚያ ተቋረጠ። ሳሊህ ከነሙሉ ጢሙ ተቀምጦ አለቀሰ፤ በእጁ ያሳደጋት ናት። ኩርያኮስ ሌላ በቅሎ እንደሚገዛለት ሊነግረው አፉን ሲከፍት፣ «ዛሬስ ምንም አትስጠኝ። ዝም ብለህ አጠገቤ ተቀመጥ» አለው ሳሊህ። ተቀመጠ።

ሲነጋ ሣጥኑን በየተራ ተሸክመው ዳገቱን ያዙ። ኩርያኮስ በባዶ እግሩ ነበር። ድንጋዩ ስለቱ ክፉ ነው፤ ብዙም ሳይሄድ የረገጠው ሁሉ ደም ሆነ። ደምለው ይህን ሲያይ ቁጭ ብሎ፣ ከብርድና ከዝናብ የሚከልለውን ብቸኛ የበግ ለምዱን በጩቤ ይቀደው ጀመር። ኩርያኮስ እምቢ ሊል ነበር። ወለተ ሐና ግን ትዝ አሉት። እግሩን ዘረጋለት።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ከቋጥኝ ጀርባ ጠመንጃ ብቅ አለ። ያገሬው ሰው «ፋንታ መጣ» እያለ ልጅ የሚያስፈራራበት ሽፍታ ነው። ለዘመቻ ሊወስዱት ሲመጡ ጫካ ገብቶ፣ ከደርግ ሸሽቶ ሲያበቃ መንገደኛ ማራቆት የጀመረ ሰው። ሁለት ተከታዮቹ ግራና ቀኝ ያዟቸው። ደምለው የታመሙትን፣ የኔታን ሳይቀር፣ ጠርቶ ለመነው። ፋንታ መድኃኒት ከወርቅ የሚወደድበት ገበያ እንደሚያውቅ ነገረውና ሣጥኑን እንዲያወርድ በአፈሙዙ ጠቆመው።

ኩርያኮስ የሚሰጠውን ነገር ፈለገ። ልማዱ ነውና ኪሱን ዳበሰ። ሰዓቱም፣ ካሜራውም፣ ገንዘቡም ከሻንጣው ጋር ሄደዋል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሚሰጠው አንዳች ነገር አልነበረውም። የቀረው ፍርሃትና ረሃብ ብቻ ነው። አንጀቱ ከወንዙ ወዲህ ምግብ አላየም። ዓይኑ ፋንታ ወገብ ላይ ከተንጠለጠለችው የቆሎ ስልቻ ላይ አረፈ። ሁለት እጆቹን ገጥሞ ዘረጋ።

«በእንተ ስማ ለማርያም» አለ።

ፋንታ ያልሰማ መሰለ። «ምን አልክ?»

«ስለ ማርያም። ርቦኛል።»

ከተከታዮቹ አንደኛው ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ አማተበ። ፋንታ አንዴ ሰውየውን፣ አንዴ በደም የራሰውን የለምድ ጫማውን አየ። እናቱ በዚህ ስም የመጣን ሰው ባዶ እጁን መልሳ አታውቅም። ጾሙ ደግሞ የእርሷው የእመቤታችን ነው። እየተነጫነጨ ስልቻውን ፈታና በኩርያኮስ መዳፍ ላይ ቆሎውን ዘገነለት። ኩርያኮስ ሦስት ቦታ ከፈለው፤ ለደምለው ሰጠ፣ ለሳሊህም ሰጠ። ሳሊህ «ቆሎ ሃይማኖት የለውም» አለና ቃመ። ሦስቱም ሽፍታው ፊት ቆመው ቆረጠሙ።

ፋንታ እጁን ወደ ሣጥኑ ሰደደ፤ ሳይነካውም መለሰው። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሳቁ አመለጠው።

«በማርያም ስም ያበላሁትን ሰው ልዝረፍ?» አለ። «አንተ ጥቁር ህንድ፣ ቀድመህ ቀማኸኝ።»

ደግሞም በዚያው አልቀረም፤ ካበሉ አይቀር መሸኘት ነው ብሎ፣ ሌላ ሽፍታ እንዳያገኛቸው፣ ሣጥኑን ለተከታዩ አሸክሞ እስከ ዳገቱ አፋፍ ሸኛቸው። የቢቸና ባሕር ዛፎች ከሩቅ ሲታዩ ሳይሰናበታቸው ተመለሰ። ሳሊህ የዚያን ጊዜ ኩርያኮስን ጎሸም አድርጎ ብልሃት ነበር ወይስ ረሃብ ሲል ጠየቀው።

«ረሃብ ነበር» አለ ኩርያኮስ።

ለየኔታ ሣህለ ማርያም በሕይወት ሳሉ ደረሱላቸው። ከቢቸና የመጣች አንዲት የጤና ረዳት መድኃኒቱን በየጎጆው አደለች፣ ልብሱ ሁሉ ተቀቀለ፣ ትኩሳቱ አንዱንም ሌላውንም እየለቀቀ ሄደ። ከዚያ ወዲያ መቃብር አልተቆፈረም። ደምለው ይህን ባየ ጊዜ ከጉባኤ ቤቱ ጀርባ ሄዶ ብቻውን አለቀሰ፤ የደስታ ነው። ያገገሙት ወጥተው መለመን እስኪችሉ ድረስ አኮፋዳ አንግቦ በየደጁ የሚዞረው ኩርያኮስ ሆነ። አንድ ውሻ ባቱን ነክሶታል።

ጾሙ ተፈትቶ፣ ወንዙም ጎደል ሲል፣ ከሳሊህ ጋር ወደ ሞጣ ተመለሱ። ያቺ መንደር ሲደርሱ ሳሊህ ሊያልፍ ነበር፤ ኩርያኮስ ግን ወደዚያው ደጅ ታጠፈ። ውሾቹን በበትሩ መከተና ጮኸ።

«በእንተ ስማ ለማርያም!»

ወለተ ሐና ብቅ አሉ። ዓይናቸውን አጥብበው አዩትና አወቁት።

«ዛሬ ራበህ?»

«ራበኝ፣ እናቴ።»

ገቡና እንጀራ በአይብ ይዘው ወጡ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ እርሳቸው እያዩት፣ ምንም ሳያስቀር በላ።