ሳይነቀል የቀረው ሶኬት

«ይሄን ብትወስጂ ዋጃ ድረስ ይሰማል!»

ባለሱቁ ሰላሁዲን አምፕሊፋየሩን ሰካው። ሰማያዊ መብራት፣ ቀይ መብራት፣ አረንጓዴ መብራት፤ የሰርግ ድንኳን መሰለ። ድምፁን ሲለቀው መደርደሪያው ላይ የተሰቀሉት የስልክ ሽፋኖች ሁሉ ተንቀጠቀጡ።

«አንድ ሺህ ዋት ነው፣ እህቴ። አንድ ሺህ!»

ኢኽላስ አንድ ሺህ ዋት ምን ያህል እንደሆነ አታውቅም። አስረኛ ክፍል ናት፤ ስለ ዋት ተምረዋል፣ ግን ያን ቀን ከጓደኛዋ ከሀስና ጋር ሲንሾካሾኩ ነው ክፍለ ጊዜው ያለቀው። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ የያዘችው ፍየሏ የተሸጠችበት ብር ነው፣ ሌላ ፍየል ደግሞ የለም። ከተሳሳተች አለቀ።

«እስኪ ፍላሽሽን አምጭው፣ በራስሽ ዘፈን ሞክሪው» አላት።

«ዘፈን አይደለም» አለችና ፍላሹን ጨበጥ አደረገችው።

ፍላሹ ላይ ያለው የወንድሟ የሙንተሲር ድምፅ ነው። ቤት ተቀምጦ ድቤ እየመታ በስልኩ የቀዳው መንዙማ። ሙንተሲር በአፋር አድርጎ ወደ ሳውዲ ካለ ስምንት ወሩ። ከጅቡቲ አንዴ ደወለ፣ ከዛ ወዲህ ዝም። እናታቸው ሀጀራ በየቀኑ ከአስር ሶላት በኋላ በሁለቱ የእንጨት ስፒከሮች መሀል ቁጭ ትልና እሱን ሰምታ ነው እህል የምትቀምሰው። በጦርነቱ ጊዜ አጥራቸው ስር የሆነ ነገር ከፈነዳ ወዲህ ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም፤ ግራውም እንደነገሩ ነው። የቤቱ አሮጌ አምፕሊፋየር፣ አምፑ፣ ሲቃጠል ኢኽላስ በስልክ ከፈተችላት።

«ይሄ የልጄ ድምፅ አይደለም፣ ትንኝ ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ይሄው አራተኛ ቀኗ፤ ከውሃ በቀር የቀመሰችው ነገር የለም።

አምፑ ደግሞ እንዲሁ አልተቃጠለም። ቆቦ ውስጥ ህፃን ልጅ እንኳን ያውቃል፤ መብራት ሲሄድ ሶኬት ይነቀላል። ሲመለስ እንደ ጎርፍ ነዋ የሚመጣው! ኢኽላስ ግን ስልኳ ላይ አፍጥጣ ረሳችው። ጭሱ ሲሸት ሀጀራ «ማነው ሳይነቅል የቀረው?» ብላ ጮኸች። የኢኽላስ አፍ ቀደመ። «ሀስና ናት! ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ስትል...»

ሀስና ስታስጠናት ውላ ገና መውጣቷ ነበር። በማግስቱ ሀጀራ የሀስናን እናት ገበያ መሀል አግኝታ «ልጅሽ ደጄን እንዳትረግጥ» አለቻት። ሀስናም ክፍል ውስጥ ወንበር ቀየረች። አለቀ።

«እና? ልጠቅልልልሽ?» አለ ሰላሁዲን።

«ቆይ፣ መጣሁ።»

«ሌላ ሰው ቢወስደው እንዳታለቅሽብኝ!»

የሀስና አባት መናኸሪያው አጠገብ ራዲዮ ይጠግናል። ሀስና ከትምህርት ቤት መልስ እዛው ናት። ኢኽላስ እያለከለከች ስትደርስ፣ ካቻቢቴ ይዛ አንድ ቴሌቪዥን ፈታታ ነበር። ቀና ብላ አየቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«ሀስና... አምፕ ልገዛ ነው። የቱ እንደሚሻል አላውቅም።»

«እኔን ነው የምትጠይቂው? አቃጣይዋን?»

«እኔ ነኝ ያልነቀልኩት» አለች ኢኽላስ።

«አውቃለሁ።»

«እማ እህል አልቀመሰችም፣ ወላሂ፣ አራት ቀኗ...»

«ስልክ የለኝም እኮ፣ ኢኽላስ» አለች ሀስና። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ምኔን ነው የሰካሁት? ስትዋሽ እንኳን አላሰብሽኝም።»

ሚኒባሶቹ ይጮሃሉ፤ ረዳቱ «ሮቢት! ሮቢት! አንድ ሰው!» ይላል። ኢኽላስ መሬት ብትውጣት ደስ ባላት። ሀስና ካቻቢቴዋን አስቀመጠችና እጇን በጉርዷ ጠረገች።

«ለእናትሽ ነው የምመጣው። ሙንተሲር ቁርአን አስቀርቶኛል፣ ፊደሉን ያስያዘኝ እሱ ነው። ላንች አይደለም።»

ሰላሁዲን ሀስናን ሲያያት ጭንቅላቱን ያዘ። «የራዲዮ ሰሪው ልጅ መጣች! ዛሬ ገበያዬ ደረቀ።»

«ይሄ በስንት ቮልት ነው የሚሠራው?»

«በሁለት መቶ ሃያ ነዋ!»

«ቆቦ ውስጥ ሁለት መቶ ሃያ መጥቶ ያውቃል? ወይ መቶ ስልሳ ነው፣ ወይ ሦስት መቶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው!» አንስታ መዘነችው። «አንድ ሺህ ዋቱም ካርቶኑ ላይ ነው ያለው። ያንን አውርድልኝ።»

ያወረደላት ነገር መዳፍ ውስጥ ይገባል። ኢኽላስ በሁለት ጣቷ አነሳችው። «ይሄ? የክብሪት ቀፎ እኮ ነው!»

«ክላስ ዲ ነው።»

«ዲ ማለት ወዳቂው አይደል?»

ሀስና ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ከንፈሯን ነከሰች። «የማርክ አይደለም። የአሠራር ዓይነት ነው። የድሮው አምፓችሁ ግማሹን መብራት ሙቀት እያደረገ ነበር የሚያባክነው። ድመታችሁ ላዩ ላይ የምትተኛው ለምን መሰለሽ? ይሄኛው በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል፤ መሀል ላይ ቆሞ አይሞቅም። ስለዚህ ትንሽ ነው የሚበላው። በአስራ ሁለት ቮልት ይሠራል፤ ከሶላር ባትሪያችሁ ታገናኝዋለሽ። የመብራት ኃይል ጎርፍ አይነካውም።»

«ድምፁስ?»

«ሃምሳ ዋት ይላል፤ በባትሪ ሃምሳ አይወጣውም። ሰርግ አትደግሱበትም። ለእናትሽ ክፍል ግን ይበቃል። ድቤውም ይሰማታል፣ ስፒከሮቻችሁ ጥሩ ናቸው።»

ገዙት። ሀስና እነኢኽላስ አጥር ጥግ ስትደርስ ቆመች። «ቀይ ወደ ቀይ፣ ጥቁር ወደ ጥቁር። ካገለባበጥሽው አለቀለት» አለችና ዞራ ሄደች። ኢኽላስ ግቢ ልትላት ፈለገች። በምን አፏ!

ቤት ገብታ ገጠመችው። ቀይ ወደ ቀይ። ሦስቴ አየችው። ያረቢ! ፍላሹን ሰካች።

ትንሽ ሽሽሽ አለ። ከዛ ሙንተሲር ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሳቅ አለ፣ ጀመረ። ድቤው ሲገባ ስፒከሩ ላይ ያለው ጨርቅ ብቅ ጥልቅ አለ።

ሀጀራ ከግድግዳው ዞረች። ተነስታ፣ እየተደገፈች መጣችና መዳፏን ስፒከሩ እንጨት ላይ አሳረፈች።

«መጣ» አለች። «አልሀምዱሊላህ። ልጄ መጣ።» ቆይታ ደግሞ፦ «የሚቀመስ ነገር አለ?»

ኢኽላስ በቆሎ ቂጣና ወተት አቀረበችላት። ሀጀራ ቆረሰች፣ ዋጠች። አራት ቀን የጠቆረው ፊቷ ፈታ አለ።

«አንች ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለቻት። «ያችን ልጅ ግን ሁለተኛ አጠገቡ እንዳታደርሻት። ከልጄ ድምፅ የለየችኝ! አላህ ይይላት!»

ኢኽላስ ወተቱን አስጠጋችላት። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ሀስና እንደሆነች አትናገርም። እናቷ ደግሞ እየበላች ነው። ነገ ብትነግራት... ትንሽ ስትጠነክር...

ሀጀራ ሌላ ቁራሽ አነሳች። «አላህ ይይላት!» አለች ደግማ።

ኢኽላስ እጇን ዘረጋችና ድምፁን ቀነሰች፤ ቀነሰች፤ ዘጋችው። ቤቱ ጭር አለ።

ሀጀራ ደነገጠች። «ምነው? ተቃጠለ እንዴ?»

«አልተቃጠለም፣ እማ። እኔ ነኝ የዘጋሁት።» አጠገቧ ተንበረከከች። «መልሼ እከፍትልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ሀስና የምነግርሽ አለኝ።»