ሶኬቱ ተነቅሎ የዞረው ዲስክ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ጌታን አምናለሁ፣ ርኩስ መንፈስ እንዳለም አምናለሁ፣ ግን ማሽን ውስጥ ገባ ካልከኝ «ሂድ ወዲያ፣ ኤሌክትሪሺያን ጥራ!» ነው የምልህ። አሁን ይሄን የሚያወራልህ ያው ሰውዬ መሆኑን ልብ በልልኝ።

ጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር ውስጥ የብረት ሥራ ቤት አለኝ፣ በርና የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን፣ አብሮኝ የሚሠራው የእህቴ ባል ዳዊት ነው። እህቴ አዲስ አበባ ነፍሰ ጡር ሆና «አደራ፣ አካሉ ሳይጎድል መልስልኝ» ብላ ነው የላከችው፣ ጎበዝ ነው፣ ችኩልነቱ ግን ያቃጥለኛል! ብረት ስንወለውል ትልቁ የጨርቅ ዲስክ ቀስ ብሎ ለሚዞረው፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ለታሰረው የባንኮ ሞተር ነው፣ ትንሹ ለፈጣኑ የእጅ ግራይንደር። ዲስክ በሰፋ ቁጥር ጠርዙ ይፈጥናላ፣ ትልቁን ግራይንደር ላይ ካሰርከው ወይ ይበጣጠሳል ወይ ይበላሃል። ይሄን ለዳዊት ስንቴ ነገርኩት መሰለህ!

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሸሪካት ከሚባለው ሰፈር አንድ ሰው የቦዳ ቦዳ፣ ያው የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ የፊት መከላከያ ብረት ይዞ መጣ፣ የተጣመመ፣ ዝገቱ የጠቆረ። «ወንድሜ የሞተበት ሞተር ነው፣ ወልውሉልኝ» አለና ውጭ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። የባንኮው ሞተር ደግሞ ጠዋት ተቃጥሎብን ነበር። ጓሮ ጄኔሬተሩ ጋ እያለሁ የግራይንደሩ ድምፅ ተለወጠብኝ፣ መጀመሪያ ፍሬን ሲጮህ መሰለኝ፣ ቀጥሎ የቦዳ ጡሩምባ ሰማሁ፣ እመነኝ፣ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ሮጬ ስገባ ዳዊት የግራይንደሩን መከለያ ፈትቶ ትልቁን ዲስክ አስሮበታል!

«አጥፋው! አንተ ሰውዬ፣ አጥፋው!»

«አጥፍቼዋለሁ እኮ ጋሼ!»

ዘልዬ ሶኬቱን ነቀልኩት። ይኸውልህ፣ ገመዱ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ ዲስኩ ፍጥነት ጨመረ። ብረቱን ነክሶ ከያዘው ሞርሳ ነጥቆ ወረወረው፣ የግድግዳው ቆርቆሮ ተቀደደ፣ ከዚያ የዳዊትን ሸሚዝ ያዘና እየጠቀለለ በደረቱ ወደ አንገቱ ወጣ። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። «በኢየሱስ ስም!» እያልኩ አጣና ሰነቀርኩበት፣ አጣናው ተሰባበረ፣ መዶሻ አንስቼ የግራይንደሩን ሆድ ቀጠቀጥኩት፣ ከሰው ጋር የምደባደብ ነው የመሰለኝ፣ እየፈራሁም እየተናደድኩም።

ሲቆም ዳዊት መሬት ላይ ነበር፣ ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ተተርትሯል፣ ግን ይተነፍሳል። ሸሚዜን አውልቄ ቁስሉ ላይ ስጫን ባለብረቱ በሩ ላይ ቆሟል። ዳዊትን አየና የራሱን አንገት ያዘ።

«ማሌሽ፣ አኩይ» አለኝ፣ ይቅርታ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ «የወንድሜም አንገት እዚሁ ጋ ነበር የተቆረጠው። ከተወለወለ የሚተወን መስሎኝ ነው።»

«ማነው የሚተዋችሁ?»

ብረቱን እንኳ ሳይወስድ ሄደ።

ዳዊት ተርፏል፣ ተመስገን። እህቴ በስልክ ጠባሳውን አይታ «ምን ነካብኝ?» ስትል «ዲስክ» አልኳት፣ ሌላ ምን ልበላት? ብረቱን ድልድዩ ላይ ሆኜ ናይል ውስጥ ወርውሬዋለሁ፣ አዲስ የባንኮ ሞተር ገዝተናል፣ ዲስኩም ልኩ ነው። ግን ጄኔሬተሩን ባጠፋን ቁጥር ዳዊት አንገቱን ይዞ ዲስኩ እስኪቆም ይጠብቃል፣ እኔም አጠገቡ እቆማለሁ። ትናንት ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ ሲመሽብን በሩን ቆልፈን ወጣን፣ ዲስኩ ገና ይዞር ነበር።